ሲላንት አቀባብ፦ የመኪናን ቀለም ከማዘጋጀት እስከ ሁለተኛው እጅ ቅብ

የመኪና ቀለም ከሚመስለው በላይ ስስ ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ከታችኛው ፕራይመር እስከ ላይኛው ሽፋን ያለው ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነውና ምን ያህል እንደሳሳ አስቡት። ከላይ የሚያብረቀርቀው ክሊር ደግሞ ለብቻው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ፀሐዩም፣ አቧራውም፣ የወፍ ኩሱም፣ የዛፍ ሙጫውም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ክሊር አንዴ መላጥ ከጀመረ በፖሊሽ አይመለስም። ያለው አማራጭ እንደገና ማስቀባት ነው።

ሲላንት ይህን ክሊር የሚጠብቅ፣ ከሰው ሠራሽ ፖሊመር የሚዘጋጅ ፈሳሽ ወይም ክሬም ነው። ሲደርቅ ክሊሩን ይዞ ይቀራል። ውሃ ላዩ ላይ አይተኛም፤ ቆሻሻም ቶሎ አይነክስበትም። ከካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የተለመደው ሰም፣ ማለትም ዋክስ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ወር ያገለግላል። ሲላንት በደንብ ከተቀባ ከ4 እስከ 6 ወር ይሄዳል። ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ዓመታትን ይቆያል፤ ግን አቀባቡ ስህተት አይወድም። እቤቱ ራሱ ለሚሠራ ሰው እኔ ሲላንትን እመርጣለሁ። ቢበላሽ እንኳ ጠርጎ እንደገና መጀመር ይቻላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ። ሲላንት ጭረት አያጠፋም፤ የጠጠር ምትም አይመክትም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም።

መቼ እና የት

ጥላ ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ኮፈን ላይ ሲላንት ብትቀቡ ገና ሳታዳርሱት ይደርቅና ለማንሳት ስትታገሉ ትውላላችሁ። መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። የሚሞቅ ከሆነ ጠብቁ። አየሩ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ቢሆን ሥራው ይቀልላል። ነፋስና አቧራ የሌለበት ቦታ ብታገኙ ደግሞ ምን ቅጡ።

በቅርቡ ጋራዥ ገብቶ የተቀባ መኪና ላይ አትቸኩሉ። አዲስ ቀለም ውስጡ ያለው ማቅጠኛ ተንኖ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 90 ቀን ይባላል። የቀባላችሁን ሰው ጠይቁት፤ የተጠቀመበትን ቀለም የሚያውቀው እሱ ነው። ቀለሙ የማያብረቀርቅ፣ ማት የሚባለው ዓይነት ከሆነም ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። ለሱ ለብቻው የተዘጋጀ ሲላንት አለ።

ዝግጅቱ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሲላንት የሚይዘው ንጹሕ ክሊር ላይ ነው። በመሃል አሮጌ ሰም፣ ቅባት ወይም የተጣበቀ ቆሻሻ ካለ የሚይዘው ቆሻሻውን ነው፤ ቆሻሻው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። "በወሩ ጠፋ" ተብሎ የሚማረርበት ሲላንት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

መጀመሪያ እጥበት። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ የመኪና ሻምፑ ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጎማና ቸርኬውን ቀድማችሁ በሌላ ስፖንጅ ጨርሱ፤ እዚያ ያለው ቆሻሻ በር ላይ እንዳይመጣ። ከዚያ መኪናውን በውሃ ብቻ በደንብ አለቅልቁት፤ በእጅ ሳይነካ የሚወርድ አቧራ ሁሉ ይውረድ። ቀጥሎ ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ታች እጠቡ። ማጠቢያ ጓንቱን ሻምፑው ውስጥ ከመመለሳችሁ በፊት በንጹሕ ውሃው አጥሩት። ስትጨርሱ የንጹሕ ውሃውን ባልዲ ሥር እዩ። የተጠራቀመው አሸዋ ባልዲው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ቀለሙን ይፍቅ ነበር። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሮጌውን ሰም ያነሳል የሚሉ አሉ። የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎችን ስለሚያደርቅ እኔ አልመክረውም፤ አሮጌው ሰም በሚቀጥሉት ደረጃዎች ይነሳል።

መኪናው ታጥቦ ንጹሕ መሰለ? አንድ ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁና ጣቶቻችሁን ኮፈኑ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራትቱ። በባዶ እጅ የማይሰማው ሸካራ ነገር በፌስታሉ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አንዳንዱ ከፍሬን ሸራና ዲስክ የሚበን የብረት ብናኝ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ያርፍና ክሊሩ ላይ ይተከላል። ሌላው ሙጫ፣ አስፋልትና ከአየር የሚወርድ ብናኝ ነው።

ለብረቱ የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ የሚባል የሚረጭ ፈሳሽ አለ። ሲረጭ ቀለም የለውም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ግን ብረት ያለበት ቦታ ሁሉ ወይን ጠጅ ይሆንና በበሩ ላይ ቁልቁል መንጠባጠብ ይጀምራል። ነጭ መኪና ላይ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ግን እየሠራ ነው ማለት ነው። ሽታው ይከብዳልና ጓንት አድርጉ፤ አየር ባለበት ሥሩ፤ ሳይደርቅም እጠቡት።

ለቀረው ክሌይ ባር አለ፤ ለስላሳ ሊጥ መሰል ነገር ነው። ማንሸራተቻ ፈሳሽ በብዛት እየረጫችሁ ሳትጫኑ ወዲያና ወዲህ አንሸራትቱት። መጀመሪያ እየሻከረ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ይጠፋና እንዲሁ መንሸራተት ይጀምራል። ያ ቦታ አለቀ ማለት ነው። ክሌዩ ሲቆሽሽ እጠፉትና ንጹሑን ፊት አውጡ። መሬት ከወደቀ? ጣሉት። አጥቤ ልጠቀምበት አይባልም፤ የያዘው አሸዋ ቀለሙን ያርሰዋል።

ክሌይ በተለይ ጥቁር መኪና ላይ ቀጫጭን ምልክት ሊተው ይችላል። እሱና ከድሮ የቀሩ የእጥበት ጭረቶች የሚያስጨንቋችሁ ከሆነ ፖሊሽ የሚሠራው አሁን ነው። ፖሊሽ ክሊሩን በጥቂቱ ፍቆ ነው ጭረት የሚያጠፋው፤ ስለዚህ ሲላንት በተቀባ ቁጥር የሚደገም ነገር አይደለም። ቀለሙ ደህና ከሆነ እለፉት።

የዝግጅቱ መጨረሻ በአልኮል መጥረግ ነው። ፖሊሽም ሆነ ማንሸራተቻ ፈሳሽ የማይታይ ቅባት ይተዋሉ። አንድ ብርጭቆ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ከሦስት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በመርጫ ያዙ። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ረጭታችሁ እያንዳንዱን ክፍል ጥረጉ፤ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ተከተሉት። አልኮል ተቀጣጣይ ነውና ሲጋራም እሳትም አጠገቡ አይሁን። ከዚህ በኋላ ቀለሙን በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅም ወዝ ቅባት ነው።

የመጀመሪያው እጅ

ጠርሙሱ ላይ ያለውን መመሪያ አንብቡ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። አንዳንዱ ሲላንት መኪናው በሙሉ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ነው ትርፉ በጨርቅ ተጠርጎ የሚነሳው። ሌላው አንድ ክፍል በተቀባ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተነሳ ይነክሳል። የናንተ የትኛው እንደሆነ ጠርሙሱ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ቀለም ያልተቀቡ ጥቁር ፕላስቲኮችን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ሲላንት እነሱ ላይ ደርቆ ነጭ ምልክት ከተወ ማስለቀቁ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ለስላሳ የስፖንጅ መቀቢያ ላይ ሦስት ወይም አራት ጠብታ፣ እያንዳንዱ የአተር ፍሬ የሚያክል፣ አድርጉ። በሩን በሁለት ወይም በሦስት ክፍል፣ ኮፈኑን በአራት ከፍላችሁ አስቡት። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ባለ መስመር ቀቡ፤ አንዱ መስመር የሌላውን ግማሽ ይሸፍን። እጃችሁን አትጫኑ። በብርሃን ሲታይ ጭጋግ የመሰለ ስስ ነገር ብቻ መቅረት አለበት። ነጭ ሆኖ ከታየ በዝቷል። የበዛው ሲላንት ክሊሩን አያገኘውም፤ በጨርቃችሁ ተጠርጎ ይወጣል። ድካሙ ለናንተ፣ ትርፉ ለሻጩ። በብዙ ፈሳሽ ሲላንቶች 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ለአንድ መለስተኛ መኪና በቂ ነው።

ለመነሳት መድረሱን በጣት ታውቃላችሁ። ንጹሕ ጣት በተቀባው ላይ አንድ ጊዜ አሳልፉ። ጣታችሁ ያለፈበት መስመር ጥርት ብሎ የሚያበራ ከሆነ ደርሷል። ከተቀባባ ትንሽ ጠብቁ።

ለማንሳት ንጹሕ ማይክሮፋይበር አራት ታጥፎ ይያዛል፤ ፊቱ ሲሞላ ይገለበጣል። አንድ ጨርቅ የመጀመሪያውን ጭጋግ ያነሳል፤ ሁለተኛው፣ ምንም ያልነካው፣ ይጨርሳል። የእጅ ባትሪ ካላችሁ በጎን በኩል አብሩበት። ከፊት ለፊት የማይታይ ቅሪት በጎን ብርሃን ይታያል፤ በተለይ በር እጀታ ሥርና ክፍሎች በሚገናኙበት ጠርዝ።

ሁለተኛው እጅ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሲላንት ስድስት እጅ ቢቀባ ስድስት እጥፍ አይወፍርም። አንድ እጅ ከማይክሮን በታች የሚቀር ነገር ነው። ከላዩ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው ሲጠረግ ይነሳል። ታዲያ ሁለተኛው ለምን ይቀባል? የመጀመሪያው የሳተውን ለመሙላት ነው። ማንም ሰው በእጁ ሲቀባ የሚያልፈው ቦታ አይጠፋም፤ ጣሪያው መሃል፣ መስታወቱ ሥር፣ የባምፐሩ መታጠፊያ። ሁለተኛው እጅ ሽፋኑን እኩል ያደርገዋል። በሁለተኛው ዙር እነዚህን ቦታዎች ሆን ብላችሁ ፈልጉ፤ ከመጀመሪያው በተለየ አቅጣጫም ቀቡ። ሦስተኛ እጅ ለኮፈንና ለጣሪያ ብቻ ቢሆን አልቃወምም፤ ፀሐዩን የሚችሉት እነሱ ናቸውና። ከዚያ በላይ ያለው ለራስ ደስታ ነው።

በሁለቱ መሃል መጠበቅ ግዴታ ነው። ሁለተኛው እጅ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ገና ያልጠነከረውን የመጀመሪያ እጅ ሊያሟሟው ይችላል። እንደ ምርቱ ከ1 ሰዓት እስከ 24 ሰዓት የሚጠይቅ አለ። መመሪያው ዝም ካለ ማግስቱን መቀባት ይሻላል። በዚህ መሃል መኪናው ጣሪያ ሥር ይደር፤ አቧራ ከለበሰ ሁለተኛውን ስትቀቡ አቧራውንም አብራችሁ ታሹታላችሁ።

ሌላው ወጥመድ ጠርሙሱ "ያጸዳል፣ ያበራል፣ ይከላከላል" የሚል ከሆነ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ውስጡ ማጽጃ ወይም ፖሊሽ አለው። ሁለተኛ ጊዜ ስትቀቡት የመጀመሪያውን እየፈቀ ነው የሚሄደው። ለአንድ ጊዜ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለመደራረብ አይሆንም።

የተለያዩ ነገሮችን መደረብ ያማራችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ያዙ። ሰም ከሲላንት በላይ ይሄዳል፤ ሲላንት ከሰም በላይ ግን አይይዝም። ሴራሚክ የተቀባ መኪና ላይ የሚስማማው ሲላንት ሊደረብ ይችላል። ሲላንት ላይ ሴራሚክ ግን በፍጹም፤ መጀመሪያ ሲላንቱ ተጠርጎ መውጣት አለበት።

ከተቀባ በኋላ

የመጨረሻው እጅ ከተነሳ በኋላ መኪናውን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ከውሃ አርቁት። ዝናብ ብቻ ሳይሆን የሌሊት ጤዛም ውሃ ነው። ድንገት ጠብ ካለበት ሳታሹ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አንሱት። የተጠቀማችሁባቸውን ማይክሮፋይበሮች ለብቻ እጠቡ፤ ልብስ ማለስለሻ አታድርጉባቸው፤ መምጠጣቸውን ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ያለው ቀላል ነው። በመኪና ሻምፑ እጠቡት፤ ከሚሽከረከር ብሩሽ ማጠቢያ አርቁት። የወፍ ኩስ ካያችሁ ሳይውል ሳያድር በውሃ አርጥባችሁ አንሱት። ሲላንት ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ ኩሱን ለሳምንት አይችለውም።

ማለቁን ለማወቅ ብዙ ሰው ውሃው እንክብል እየሠራ መውረዱን ያያል። ምልክቱ ጥሩ ነው፤ ግን ያታልላል። የቆሸሸ መኪና ላይ ሲላንቱ በሙሉ እያለም ውሃው ሊዘረጋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በደንብ እጠቡ፤ ከዚያ ውሃ አፍስሱበት። ከታጠበ በኋላም ውሃው እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከቀረ ሲላንቱ ሄዷል። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር ከዜሮ መጀመር የለባችሁም። ፌስታሉን አጥልቁና ኮፈኑን ዳስሱት። ልስልስ ካለ ክሌዩን እለፉት፤ በአልኮል ጠርጋችሁ አንድ እጅ ቀቡ። ከሻከረ ግን ክሌዩን አውጡ።