የቼዝ መክፈቻን በሽምደዳ ሳይሆን በምክንያት እንዴት መማር ይቻላል

ብዙ ጀማሪ የመክፈቻ እርምጃዎችን በቃሉ ይይዝና ባላጋራው ያልጠበቀውን ሲጫወትበት ግራ ይገባዋል። ምክንያቱን የተረዳ ግን አይቶት የማያውቅ እርምጃ ቢመጣበትም መልስ አያጣም። በአገራችን ሰንጠረዥ፣ «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ይደረድሩ ነበር። በቼዝ ግን በተራ አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ አንዷ ከባከነች ባላጋራ ይቀድማል።

በባዶ ሰሌዳ ይጀምሩ። ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል። ፈረስ ኤች3 ላይ ያስቀምጡና ሊሄድባቸው የሚችላቸውን ቤቶች ይቁጠሩ፤ አራት ናቸው። ወደ ኤፍ3 ሲያመጡት ስምንት ይሆናሉ። መሀሉን፣ ማለትም ኢ4ን፣ ዲ4ን፣ ኢ5ንና ዲ5ን መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ወደ መሀል የቀረበ ጠጠር ጉልበቱ ይጨምራል።

ቀጥሎ በየተራው አዲስ ጠጠር ማውጣትን ይለማመዱ፤ ፈረሶችና ጳጳሶች ይቅደሙ። ንግሥት ቀድማ ከወጣች ትንንሾቹ እያሳደዷት ይወጣሉ። ንጉሡንም ቶሎ ካስል ያድርጉ፤ ማለትም ንጉሡን ወደ ግንቡ ሁለት ቤት አሻግረው ግንቡን በወዲያኛው ጎኑ ያቁሙ። ኤፍ2 እና ኤፍ7 ላይ ያሉትን ወታደሮች መጀመሪያ ላይ የሚጠብቃቸው ንጉሡ ብቻ ነው፤ ጀማሪዎችን በአራት እርምጃ የሚጥለው ቼክ ሜትም (ንጉሡ ማምለጫ የሚያጣበት ጥቃት) እዚያው ነው የሚያርፍ።

አሁን አሜሪካዊው የቼዝ ሊቅ ፖል ሞርፊ በ1858 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ፣ ተመካክረው ከሚጫወቱ አንድ መስፍንና አንድ ቆንት ጋር ያደረገውን ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ይድገሙት። ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ጨዋታ አላውቅም። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ረዘም አድርገው ይቁሙ። ሞርፊ ቢ7 ላይ ያለውን ወታደር በንግሥቱ መብላት ይችል ነበር። ቢበላው ግን ጥቁር በንግሥቱ ቢ4 ላይ ቼክ ብሎ (ንጉሡን አጥቅቶ) ንግሥቶቹን ያለዋውጥና ከጥቃቱ ይገላገል ነበር። ስለዚህ ወታደሩን ትቶ ፈረሱን ሲ3 ላይ አወጣ። የጥቁር ንግሥት በበኩሏ ኢ7 ላይ ቆማ የራሷን ጳጳስ መውጫ ዘግታለች፤ ያ ጳጳስና በዚያ በኩል ያለው ግንብ አንዴም ሳይነቃነቁ ጨዋታው በ17ኛው እርምጃ በቼክ ሜት አለቀ።

ከዚያ አንድ መክፈቻ ብቻ ይምረጡ፤ የጣሊያኑ ለጀማሪ ይስማማል። ነጭ ወታደሩን ኢ4 ላይ፣ ጥቁር ወታደሩን ኢ5 ላይ ያደርጋሉ። የነጭ ፈረስ ኤፍ3 ላይ ወጥቶ ወታደሩን ያስፈራራል፤ የጥቁር ፈረስ ሲ6 ላይ ሆኖ ይከላከልለታል። የነጭ ጳጳስ ሲ4 ላይ ወጥቶ ኤፍ7ን ያነጣጥራል፤ የጥቁርም ጳጳስ ሲ5 ላይ ይመጣል። ቀጥሎ ነጭ ብዙ ጊዜ ወታደሩን ሲ3 ላይ ያደርጋል። ይህ ለሌላኛው ፈረስ የሚመቸውን ቤት ይወስድበታል፤ ነገር ግን ሌላ ወታደር ወደ ዲ4 ለመግፋት ያዘጋጃል። አንዱ መርህ የሚጣሰው ለሌላው ሲባል መሆኑን እዚህ ላይ ያያሉ።

በመጨረሻ የራስዎን ጨዋታዎች እየመዘገቡ አሥረኛው እርምጃ ላይ ያቁሙ፦ ስንት ጠጠር ወጥቷል? ንጉሡ ካስል አድርጎ ተሰውሯል? ሁለቴ የሄደው ጠጠር ምን አስገድዶት ነው? መልስ ያጡለትን እርምጃ ያስምሩበትና በሚቀጥለው ጨዋታ በሌላ ይተኩት።