ካውንስላችሁ ለልጆች ምን እየሠራ ነው? ሪፖርቱን እንዲህ አንብቡት

እንግሊዝ አገር ለምንኖር ሐበሾች «ሶሻል ሰርቪስ» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ልጅ መንጠቅ ነው። ስሙ ሲነሳ ድምፃችን ይቀንሳል። እኔ የፎስተር እናት ነኝ፤ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው መስተዳድር፣ የሚልክልኝን ልጆች ቤቴ አሳድጋለሁ። ሶሻል ሰርቪስም የእሱ ክፍል ነው። ብቻቸውን ባሕር አቋርጠው የመጡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ቤቴ ኖረዋል። ስለዚህ ካውንስሉን በጓዳ በር በኩል አውቀዋለሁ። ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ ካውንስሎቹም ፈተና አለባቸው። ውጤቱም ለማንም ክፍት ነው። አንድ ምሽት መድቡለት፣ ይበቃል።

ከኦፍስቴድ ጀምሩ። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ሪፖርቱን የምታዩት የመንግሥት ተቆጣጣሪ፣ ያው ኦፍስቴድ፣ የካውንስሎችንም የልጆች አገልግሎት ይመረምራል። ድረ ገጹ ላይ የካውንስላችሁን ስም ጻፉና ሪፖርቱን አውጡ። ደረጃው አራት ነው፦ የላቀ፣ ጥሩ፣ መሻሻል ያለበት፣ ብቁ ያልሆነ። አጠቃላይ ውጤት ካለው እሱን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ከሥሩ ለየብቻ የተሰጡ ውጤቶች አሉ። እርዳታና ጥበቃ የሚፈልጉ ልጆች አንድ፣ በካውንስሉ እጅ ያሉ፣ ማለትም ካውንስሉ የሚያሳድጋቸው ልጆች አንድ፣ አመራሩ አንድ። ከ2023 ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ቁጠሩ) ደግሞ ከካውንስል እጅ የወጡ ወጣቶች ራሳቸውን ችለው ይመዘናሉ። እኔ መጀመሪያ የማነበው ይህንን ነው። የእኛ ልጆች አብዛኞቹ 16 ወይም 17 ዓመት ሆኗቸው ነው የሚመጡት። ሳይረጋጉ 18 ይሞላቸዋል። ካውንስሉ በሌላው «ጥሩ» ተብሎ እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሪፖርቱ «ምን መሻሻል አለበት» የሚል አጭር ዝርዝርም አለው። ቅዱትና ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል። ቀኑንም እዩ። ሪፖርቱ የቆየ ከሆነ ያኔ የተመሰገነው ኃላፊ ዛሬ ሌላ ከተማ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ። የትምህርት ሚኒስቴሩ የሁሉንም ካውንስል ቁጥር በየዓመቱ ያወጣል። የእነሱ ዓመት ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው። «ሎካል ኦቶሪቲ ኢንተራክቲቭ ቱል» የሚባል ነፃ መሣሪያም አላቸው። ካውንስላችሁን በኑሮ ከሚመስሉት ካውንስሎች ጎን አስቀምጦ ያሳያችኋል። ከእነዚያ ጋር ብቻ አወዳድሩ። የለንደንን ድሃ ሰፈር ከሀብታም ገጠር ጋር ማወዳደር ትርፉ ንትርክ ነው።

ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ሁሉን ልያዝ አትበሉ። አንድ ልጅ በ12 ወር ውስጥ እንደገና ለካውንስሉ የተጠቆመበትን ድርሻ እዩ፤ ከፍ ካለ ፋይሎች ቶሎ ቶሎ እየተዘጉ ሊሆን ይችላል። በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቤት የቀየሩ ልጆችን እዩ። የኤጀንሲ፣ ማለትም በጊዜያዊነት የሚቀጠሩ ሶሻል ወርከሮችን ብዛት እዩ፤ ሠራተኛ በተቀያየረ ቁጥር ልጁ ታሪኩን እንደ አዲስ ይናገራል። ከቤታቸው ከ20 ማይል በላይ ርቀው የተቀመጡ ልጆችም ይቆጠራሉ። የእኛዎቹ ቤት ግን በሺህ ማይል ነውና እዚያ ላይ አትድከሙ።

አሁን የጊዜ ገደቦቹ። የልጅ ግምገማ በ45 የሥራ ቀን ማለቅ አለበት። አደጋ ከተጠረጠረና ስብሰባ ካስፈለገ፣ ባለሙያዎቹ ከተመካከሩበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀን ልጁ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚመከርበት የጥበቃ ጉባኤ ይጠራል። ካውንስሎች በዚህ ይኮራሉ፣ ሰንጠረዡም አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው፤ በጊዜው አልቋል ማለት ነው። እኔ ግን አረንጓዴ ሳይ እጠረጥራለሁ።

ለምን አትሉም? ቤቴ የነበረ አንድ ልጅ አማርኛ ነው የሚናገረው። ለግምገማው የተላከችለት አስተርጓሚ የትግርኛ ናት። አማርኛዋ ለሰላምታ እንጂ ለዚህ ዓይነት ወሬ አይሆንም። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሊያሳፍራት አልፈለገም። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» «ደህና።» «ምግብ ትበላለህ?» «ደህና።» ሶሻል ወርከሯ በአስተርጓሚዋ በኩል የጉዞውን ነገር ጠየቀችው፤ አሁንም «ደህና» አለ። ሶሻል ወርከሯ ጻፈች፣ ፎርሙ ከቀኑ ቀድሞ ገባ። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ ሆነ። ልጁ ግን መብራት ሳያጠፋ ነበር የሚያድረው። ያ አረንጓዴ ግምገማው ያልዘገየ መሆኑን እንጂ የልጁን ሁኔታ አልነገረንም።

ስለዚህ ማንኛውንም ቁጥር ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ስንት ተሠራ? በምን ጥራት ተሠራ? ልጁስ ተሻለው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሪፖርቱ ይመልስላችኋል። ሦስተኛውን ብዙ ጊዜ ያድበሰብሰዋል።

ሦስተኛውን ለመመለስ ከሚሞክሩት አንዱ አሳዳጊው የሚሞላው 25 ጥያቄ ያለው የስሜትና የባሕርይ መጠይቅ ነው። ውጤቱ 17ና ከዚያ በላይ ከሆነ ያሳስባል። ግን የሚሰበሰበው ከ4 እስከ 16 ዓመት ላሉና ቢያንስ 12 ወር በካውንስል እጅ ለቆዩ ልጆች ነው። በ17 ዓመቱ የመጣ ልጅ ከቁጥሩ ውጭ ነው ማለት ነው። በማርች 2024 በእንግሊዝ ካውንስሎች እጅ ከነበሩት ከ83 ሺህ በላይ ልጆች ውስጥ ከ7 ሺህ የሚበልጡት ብቻቸውን ጥገኝነት ፈልገው የመጡ ናቸው። የካውንስላችሁ የመጠይቅ አማካይ ቢያምር አብዛኞቻቸውን አይጨምርም ብላችሁ አንብቡት።

ለእነሱ የሚሻለው ከ19 እስከ 21 ዓመት ያሉት ወጣቶች ቁጥር ነው። ካውንስሉ ከስንቱ ጋር ግንኙነት አለው? ስንቱ ይማራል ወይም ይሠራል? ስንቱ «ተስማሚ» መኖሪያ አለው? «ተስማሚ» የተባለው ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ።

የወደቀ ካውንስል ይነሳል ወይ? ይነሳል። የሊድስ ከተማ ካውንስል 2010 አካባቢ ብቁ አይደለም ተብሎ ነበር። በ2015 «ጥሩ»፣ በ2018 «የላቀ» ሆነ። መቶ ነገር አላሳደዱም። ሦስት ነገር ያዙ፦ በካውንስል እጅ የሚገቡ ልጆችን በደህና መቀነስ፣ ትምህርት ቤት መገኘት፣ ሥራም ትምህርትም የሌላቸውን ወጣቶች መቀነስ። ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያያሉ፣ ለምን ብለው ይጠይቃሉ። አያት፣ አክስት፣ አጎት ተሰብስቦ ለልጁ ራሱ ዕቅድ የሚያወጣበትን ጉባኤም አስፋፉ። የእኛ የቤተ ዘመድ ጉባኤ በሉት። ሶሻል ወርከሩ ስጋቱን ይናገርና ቤተሰቡን ለብቻው ትቶ ይወጣል። ሐበሻ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲቀርብለት እምቢ ባይል ደስ ይለኛል። ልጅን ቤት ለማቆየት ከዚህ የተሻለ ዕድል ብዙም አላየሁም።

እናንተስ? በየካውንስሉ የልጆችን አገልግሎት የሚከታተል የተመራጮች ኮሚቴ አለ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ወረቀቱ ቢያንስ ከ5 የሥራ ቀን በፊት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ቅድም የቀዳችሁትን ዝርዝር አውጡና ወረቀቱ ስለየትኛው እንደሚናገር፣ የትኛውን እንደዘለለ እዩ። ጥያቄ በጽሑፍ አስቀድሞ ማስገባት ያስፈልግ ይሆናል፣ ደንቡን አጣሩ። ካልሆነ ለሰፈራችሁ ካውንስለር፣ ለመረጣችሁት ተወካይ፣ ስጡት። ጥያቄው አጭር ይሁን፦ «ባለፈው ዓመት ብቻቸውን ከመጡ ልጆች ስንቱ በሚችሉት ቋንቋ ተጠየቁ?» ቁጥሩ የለንም ካሉ ከመቼ ጀምሮ እንደሚይዙት ጠይቁ። ልጆቹ ጥቂት ከሆኑ ማንነት እንዳይታወቅ ቁጥር ይደብቃሉ፤ ያ ተንኮል አይደለም።

ጉዳዩ የራሳችሁ ልጅ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በ1989ኙ የልጆች ሕግ መሠረት የምታቀርቡት ቅሬታ መሆኑን ደብዳቤው ላይ ጻፉ። አለዚያ እንደ ቆሻሻ መኪና ቅሬታ በተራው መስመር ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ በ10 የሥራ ቀን መልስ ይሰጣችኋል፤ ከከበደ እስከ 20 ይሄዳል። ካልረካችሁ ከውጭ ሰው ጋር የሚደረግ ምርመራ በ25 የሥራ ቀን፣ ቢረዝም በ65። ከዚያ የቅሬታ ፓነል፣ ከዚያ የአካባቢ መስተዳድር እንባ ጠባቂ። ልጁ ራሱ ቅሬታ ካለው ጠበቃ ሳይሆን የእሱን ቃል የሚያቀርብለት ሰው በነፃ ይመደብለታል። ይህን በስልክ አትጨርሱት፣ በጽሑፍ ይሁን። ካውንስሉ በየዓመቱ የቅሬታ ሪፖርት የማውጣት ግዴታ አለበት፣ በስልክ የተባለ ደግሞ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል።