ድሬ ላይ ሴራሚክ ሥራ ስትጀምር የትኛውን ዕቃ መጀመሪያ ትገዛለህ?

የመጀመሪያውን ቀብድ እንደተቀበልኩ ሮጬ የገዛሁት ግራይንደር (በመብራት የሚሽከረከር መቁረጫ) ነበር። ሲጮህና አቧራ ሲያስነሳ ባለሙያ የሆንኩ መሰለኝ። የተረፈችኝ ብር ለደህና ውሃ ልክ አልበቃ ስትለኝ ርካሹን አነሳሁ።

ሥራው ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ መታጠቢያ ቤት ነው። ለጥፌ ጨረስኩ፣ መገጣጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ ሞላሁ፣ ወለሉን አጠብኩና የቤቱን እናት ጠራኋቸው። እማማ ምንም አላሉም። አንድ ጆግ ውሃ ቀድተው መጡና ግድግዳው ሥር ደፉት። ወደ መውረጃው መሄድ የነበረበት ውሃ ቀስ እያለ በበሩ በኩል ወጣ። «ልጄ፣ ውሃው ሳሎን ሊቀመጥ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሦስት መስመር በመሮ አፍርሼ በራሴ ወጪ መለስኩ። የቀን ሠራተኛውን ከፍዬ ስጨርስ ከዚያ ሥራ የቀረኝ የባጃጅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለጀማሪ የምሰጠው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሚለካ፣ ቀጥሎ በእጅ የሚቆርጥ፣ ከዚያ የሚቀባ፣ በመጨረሻ በመብራት የሚሠራ።

1. ከገበያው በፊት ሥራውን እይ

ሱቅ ከመግባትህ በፊት የምትሠራበት ቤት ሂድና የሚለጠፈውን ዕቃ እይ። መጠኑ ስንት በስንት ነው? ዓይነቱስ? ባለቤቱ «ሴራሚክ ነው» ይልሃል። እኛ ጋ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ ሴራሚክ ነው። አንተ ግን ሴራሚክና ፖርስሊን መለየት አለብህ። መቁረጫህም፣ ዲስክህም፣ ማጣበቂያህም በዚህ ነው የሚወሰነው።

መለያው ቀላል ነው። አንዱን ገልብጠህ ጀርባው ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል። የግድግዳ ሴራሚክ ከሆነ ወዲያው ይጠጣዋል። ፖርስሊን ከሆነ ውሃው ከነጠብጣቡ ይቆማል፤ የሚጠጣው ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ለዚህ ነው ፖርስሊንን በተራ ሲሚንቶና አሸዋ ስትለጥፈው የያዘ መስሎህ፣ ከወራት በኋላ ሲረግጡት ውስጡ ባዶ እንደሆነ ዕቃ የሚያስተጋባው። ሲሚንቶው የሚገባበት ቀዳዳ የለውማ። ለፖርስሊን በከረጢት የሚሸጠውን የሴራሚክ ማጣበቂያ ነው የምትጠቀመው። ያንን ደግሞ በግንበኛ ማንኪያ እየጣልክ አትሠራም፤ ሌላ መለሰኛ (መቀቢያ) ይፈልጋል። አንድ ጠብታ ውሃ የግዢ ዝርዝርህን ቀየረው ማለት ነው።

2. የልክ ዕቃ ላይ ብርህን አውጣ

ውሃ ልክ ሁለት ቢኖርህ ጥሩ ነው፤ 60 ሳንቲምና 1 ሜትር ከ20። አንድ ብቻ ከቻልክ ረጅሙን ውሰድ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሱቅ ውስጥ ሳትፈትነው አትክፈል።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። ውሃ ልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጥ። ባንኮኒው የተንጋደደ ቢሆንም ችግር የለም። ጫፎቹ የት እንዳረፉ በእርሳስ ምልክት አድርግ፤ አረፋዋ የት እንደቆመች እይ። አሁን ዕቃውን ሳትገለብጥ ግራና ቀኙን አዙረህ እዚያው ምልክት ላይ መልሰው። አረፋዋ በዚያው በባንኮኒው ጎን በኩል ያንኑ ያህል ከራቀች ዕቃው ጤነኛ ነው። ወደ ሌላው ጎን ከዞረች ግን ውሸታም ነው፤ ለሌላ ሰው ይቅር። የቁመቱንም አረፋ በር መቃን ላይ አስደግፈህ በዚሁ መንገድ እየው። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተህ አምስት ብታነሳ አምስቱም ላይስማሙ ይችላሉ። ባለሱቁ ይነጫነጭ ይሆናል። ይነጫነጭ፤ ሴራሚክ አፍርሰህ የምትመልሰው አንተ ነህ።

ቀጥሎ 2 ሜትር የአሉሚኒየም ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ) ግዛ። ጠርዙን አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እየው፤ ጎብጦ ከሆነ ተወው። ወለሉ ላይ ስታስተኛው ጉብታና ጉድጓዱን የሚነግርህ እሱ ነው። ፀሐይ ላይ ጥለኸው አትሂድ፤ ቀትር ላይ ስታነሳው እጅህን ይጠብስሃል።

ሌዘር (ልኩን በብርሃን መስመር የሚያሳይ) ግዛ የሚሉህ ይኖራሉ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይቸኩልም። በረንዳ ላይ የድሬ ብርሃን መስመሩን ይውጠዋል። በሱ ፈንታ 10 ሜትር ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የውሃ ቱቦ ግዛና ውሃ ሙላበት። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ልክ ለማሻገር ከዚህ የሚረክስና የሚታመን የለም። ቱቦው ውስጥ አየር እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቅ። አንዲት አረፋ ብትቀር ልኩ ይሳሳታል።

ከዚያ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ)፣ እርሳስ። ስኳድራው ትንሽ ስለሆነ ለክፍል ማዕዘን አይበቃህም። ለሱ ሜትርህን ተጠቀም፦ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ለካ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 100 ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ሰፊ ክፍል ከሆነ 1 ሜትር ከ50፣ 2 ሜትርና 2 ሜትር ከ50 አድርገው። ሐረር ወጥተህ ጀጎል ውስጥ ባለ ቤት ከሠራህ ይህች ዘዴ ታድንሃለች። የጥንቱ የድንጋይ ግድግዳ ወፍራምና ወጣ ገባ ነው። ግድግዳውን ተከትለህ ከጀመርክ መጨረሻህ ዚግዛግ ነው።

3. የእጅ መቁረጫ

ይህኛው ሁለተኛው ትልቅ ወጪህ ነው። መብራት አይፈልግም፣ አቧራው ትንሽ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ከግራይንደር ይፈጥናል። መብራት በሄደበት ሰዓት ሌላው ተቀምጦ ሲያወራ አንተ ትቆርጣለህ።

መጠኑን ስትመርጥ ስለ ሰያፉም አስብ። 60 በ60 ሴራሚክ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ወደ 85 ሳንቲም ነው። ስለዚህ የ60ው መቁረጫ ቀጥታውን ይቆርጣል፣ ሰያፉን አይደርስበትም። 60 በ120 የሚባለው ትልቁ ዕቃ አሁን አሁን በየቤቱ እየገባ ነው፤ እሱን በቁመቱ ለመቁረጥ የ120 መቁረጫ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ግን እሱን አትግዛ። ባጃጅ ውስጥ አንተና እሱ አብራችሁ አትገቡም። የ90ው አካባቢ ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ሥራ ይበቃል።

ሱቅ ስትሄድ የተሰበረ ፖርስሊን በፌስታል ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ እጀታውን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው፤ ሐዲዱ ላይ ከተወላወለ መስመርህም ይወላወላል። ከዚያ ፖርስሊኑን አስቀምጥና አንዴ ብቻ፣ ሳታቆም፣ በእኩል ኃይል እጀታውን ሳበው። ጆሮህን ስጥ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት «ሽርርር» የሚል ድምፅ መስማት አለብህ። መሃል ላይ ዝም ካለ ምላጩ ዘሏል። ደግመህ አትሳበው፤ ሁለት ጊዜ የተጫረ መስመር ነው እየተሸራረፈ የሚሰበረው። አሁን ጫን አድርገህ ስበረው። ንጹሕ ከወጣ ዋጋ ተነጋገር።

ከመክፈልህ በፊት አንድ ጥያቄ አለች፦ «መለዋወጫ ምላጭ አለው?» ትንሿ ክብ ምላጭ ታልቃለች። መለዋወጫ የሌለው መቁረጫ ምላጩ ሲያልቅ ቁራጭ ብረት ነው። ያለው ሱቅ ካገኘህ እዚያው አንድ ትርፍ ይዘህ ውጣ።

4. መለሰኛና የድሬ ሙቀት

ጥርስ ያለው መለሰኛ በጥርሱ ስፋት ይመረጣል። ለትንንሽ የግድግዳ ሴራሚክ 6 ሚሊ፣ ለመካከለኛው 8፣ ለ60 በ60 ወለል ደግሞ 10 ወይም 12። ለመጀመሪያ 6 እና 10 ይበቁሃል። ማጣበቂያውን ክብ እየሠራህ አትቀባ፤ ቀጥ ባለ መስመር አበጥረው። አየሩ በመስመሮቹ መሃል መውጫ ያገኛል። ለትልልቁ ዕቃ ጀርባውንም ስስ አድርገህ ቀባው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ለጥፈህ አንዱን መልሰህ አንሳና ጀርባውን እይ፦ ደረቅ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶው፣ መታጠቢያ ቤትና ውጪ 95 በመቶው በማጣበቂያ መሸፈን አለበት። ካልሞላ ጥርሱን ሰፋ አድርግ።

አቦ፣ ችግሩ ሙቀቱ ላይ ነው። ከረጢቱ ላይ «20 ደቂቃ» የሚል ብታነብ እንደ ድሬ ላለ ሙቀት የተጻፈ እንዳይመስልህ። ግንቦት ላይ ከዚያ በፊት ፊቱ ይደርቃል። በጣትህ ንካው። ጣትህ ላይ ካልያዘ ሴራሚኩንም አይዝም፤ ፍቀህ ጣለው። ውሃ ረጭተህ ለማስነሳት አትሞክር። ስለዚህ ከአንድ ካሬ በላይ አስቀድመህ አትቀባ። ከረጢቱንም ሴራሚኩንም ጥላ ውስጥ አኑር፣ የሲሚንቶ ወለሉን ጠርገህ በእርጥብ ስፖንጅ እርጥብ አድርገው፤ ውሃ ግን እንዳይቋጥር። ከባዱን ሥራ በጠዋቱ ጨርስ። በቀትር ከተማው ሲያርፍ አንተም እረፍ።

በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያ ዕቃህ ሁለት ባልዲ ጨምር፤ አንዱ ማቡኪያ፣ አንዱ የንጹሕ ውሃ። ማጣበቂያው ትንሽ በትንሹ ነው የሚቦካው። ከቦካ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስቀምጠህ ደግመህ አማስለው። በሲሚንቶና በአሸዋ የምትለጥፍ ከሆነ ደግሞ ወንፊት ያስፈልግሃል። የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ድሬ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ከወንዞቻችን የተትረፈረፈ ነው። አሸዋው ግን ከነጭቃው ይመጣል። ጨብጠህ እሸው፤ መዳፍህን ካቆሸሸው መታጠብና መነፋት አለበት። የግድግዳ ሴራሚክን ለዚህ አሠራር ቀድመህ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለህ። በማጣበቂያ ከሆነ ግን አትዘፍዝፍ።

5. ግራይንደር

አሁን ነው ተራው። ባለ 115 ሚሊ ዲስክ ትንሹ ይበቃሃል፤ ለሶኬት ቀዳዳ፣ ለቧንቧ መውጫ፣ ለዞኮሎ (በግድግዳ ሥር ለሚለጠፈው ቀጭን ቁራጭ)። ዋናው ነገር ማብሪያው ነው። ገፍተኸው ተቆልፎ የሚቀር ዓይነት አለ፤ ጨብጠህ ካልያዝከው የሚጠፋ ዓይነትም አለ። ሁለተኛውን ውሰድ። መብራት ሲሄድ ማጥፋት ረስተህ ግራይንደሩን መሬት ላይ ታስቀምጠዋለህ። መብራት ሲመጣ የተቆለፈው ብቻውን ይነሳል። አንዴ የራሱን ገመድ ሲበላ አይቻለሁ፤ አጠገቡ እግር ስላልነበረ እግዜር ይመስገን።

ዲስኩ ጠርዙ ሙሉ የሆነ ዳይመንድ ይሁን። ጠርዙ የተከፋፈለው ለኮንክሪት ነው፤ የሴራሚክን ፊት ያፈናጥረዋል። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ቁጥር ከግራይንደሩ ቁጥር ማነስ የለበትም። መከላከያ ሽፋኑን አውልቀህ አትሥራ፤ የእንጨት መጋዝ ዲስክ አስገብቶ የሚሠራ ካየህ ራቀው። ስትቆርጥ ውጪ ውጣ፣ ነፋሱ ከኋላህ ይሁን። መነጽርና ደህና የአቧራ ማስክ አድርግ። ያ ነጭ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ሻርፕ መጠቅለል ደግሞ አያቆመውም። ኤክስቴንሽኑ ወፍራም ገመድ ይሁን።

6. የቀሩት ትንንሾች

የጎማ መዶሻ፣ ባለ 2 እና ባለ 3 ሚሊ ስፔሰር (መገጣጠሚያውን እኩል የሚያደርግ)፣ ነጭ ሲሚንቶ መሙያ የጎማ መለሰኛ፣ ስፖንጅ፣ መቆንጠጫ ፒንሳ። የጉልበት መከላከያውን እንደ ቅንጦት አትየው። ሃያ ዓመት ተንበርክከው የሠሩ ሰዎች ደረጃ ሲወጡ አይቻቸዋለሁ።

ትልልቅ ሴራሚክ ማንሻው ባለጎማ መያዣ፣ በውሃ የሚቆርጠው ማሽን፣ ማቡኪያ ድሪል፣ ሌዘር፤ እነዚህን ሥራው ሲጠይቅ ተከራይ ወይም ከሠራ ሰው ተዋስ። አንዱን ዕቃ ለሦስተኛ ጊዜ ከተከራየኸው ያኔ ግዛው። የዕቃ ኪራይህን ደግሞ በካሬ ዋጋ ስትነጋገር አስገባው። ጀማሪ ጉልበቱን ብቻ አስቦ ይስማማና ምላጭና ዲስኩን ከኪሱ ይገዛል።

ዕቃዎችህ ሁሉ ላይ ዓይን የሚገባ ቀለም ቀባ። ሳይት ላይ የሁሉም መለሰኛ አንድ ነው የሚመስለው። ማታ ደግሞ ሳታጥበው አትሂድ። በዚህ ሙቀት ያደረ ማጣበቂያ ጠዋት በመሮ ነው የሚወጣው፤ ከሱ ጋር የመለሰኛው ጥርስም ይበላል፣ ባለ 10 ብለህ የገዛኸው ሳታውቀው ባለ 8 ይሆናል።