የሆምስኩል ዓመት ስናቅድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቨርጂኒያ ውስጥ የምንኖር፣ ሦስት ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር ቤተሰብ ነን። ስድስት ዓመት ሆነን። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ጠጋ ይሉኝና «እኛም ዘንድሮ ልንጀምር ነው፤ ምን ትመክሪናለሽ?» ይሉኛል። ቆመን በምናወራባት ሰዓት የምነግራቸው ሁልጊዜ የሚያሰናክለንን ነው። እዚህ ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

ትምህርት ቤቱን ቤት ውስጥ መድገም

በመጀመሪያው ዓመት ሳሎናችንን ክፍል አደረግነው። ነጭ ሰሌዳ ሰቀልን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚሄድ የጊዜ ሰሌዳ ለጠፍን፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት 45 ደቂቃ ሰጠን። ያኔ የሰባት ዓመት የነበረው ትልቁ ልጄ ሒሳቡን በ20 ደቂቃ ይጨርስና የቀረውን ጊዜ እርሳሱን ሲቀርጽ ያሳልፋል፤ የእርሳሱ ፍቅፋቂ ጠረጴዛው ላይ ይከመራል። እኔ ደግሞ «ሰዓቱ ገና ነው፤ ተቀመጥ» እላለሁ። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ «እማዬ፣ ሳያመኝም መተኛት ይፈቀዳል?» አለኝ። የዚያን ቀን ሰሌዳውን አወረድኩት።

ሃያ አምስት ልጅ የያዘች አስተማሪ ወረቀት ስታድል፣ ሰልፍ ስታስይዝ፣ የዘገየውን ስትጠብቅ ብዙ ሰዓት ይሄድባታል። ከልጇ አጠገብ የተቀመጠች እናት ይህ ሁሉ የለባትም። በእኛ ቤት ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ በሰዓት ማቀድ ትተን በሥራ እናቅዳለን፦ ሁለት ገጽ ሒሳብ፣ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ አምስት መስመር የእጅ ጽሕፈት። ሲያልቅ አለቀ፤ ልጁ ወደ ጓሮ ይወጣል።

ልጁን ሳያዩ መጽሐፍ መግዛት

ካታሎጉ ያምራል፤ የሦስተኛ ክፍል ሙሉ ጥቅል ተብሎ በካርቶን ይመጣል። ልጃችሁ ግን በሒሳብ አራተኛ፣ በንባብ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ውጭ እንግሊዝኛ እየሰማ ያደገ ልጅ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ብቻ አጠገቡ ተቀመጡ። ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ በአንድ ገጽ ላይ ከአምስት በላይ ቃል ካሰናከለው መጽሐፉ ከብዶታል። የመጻሕፍቱን ገንዘብ ከዚያ በኋላ አውጡ።

የግዛቱን ሕግ ለኋላ ማለት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አሜሪካ ውስጥ ሆምስኩል በሁሉም ግዛት ይፈቀዳል፤ ደንቡ ግን የድንበር ወንዝ በተሻገራችሁ ቁጥር ይለያያል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለካውንቲው የትምህርት ኃላፊ የማሳወቂያ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ልጁ የሚማራቸው ትምህርቶች ዝርዝር፣ የወላጁም ብቃት ማስረጃ አብሮ ይያያዛል። ብቃቱ የሚረጋገጥባቸው አራት መንገዶች ሲኖሩ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ዲፕሎማን ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ሜሪላንድ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብላችሁ እንድታሳውቁ ይጠይቃል፤ ከዚያም ወይ ካውንቲው የልጁን ሥራ እያየ ይከታተላል፣ ወይ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር በታወቀ፣ በካውንቲው ፋንታ በሚከታተላችሁ «ጃንጥላ» በሚባል ድርጅት ትመዘገባላችሁ። ቴክሳስ ማሳወቂያ አይጠይቅም። አውሮፓ ላሉ ዘመዶቻችን ደግሞ የእኛን ልምድ እንዳለ አትንገሯቸው፤ ጀርመን ውስጥ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር ሕግ መጣስ ነው።

ኦገስት 15 በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ነው፤ ፍልሰታ መሐል። እናት ሌሊት ለኪዳን፣ ቀን ለቅዳሴ የምትመላለስበት፣ ልጆቹም ሊቆርቡ የሚዘጋጁበት ሰሞን ነው። አንዲት እኅታችን ደብዳቤዋን ያስታወሰችው ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ ነበር። እኔ ደብዳቤውን ከሐምሌ ሥላሴ በፊት እልካለሁ፤ መድረሱን የሚያረጋግጠውን ደረሰኝም አስቀምጣለሁ። ደንብ ስለሚሻሻል በየዓመቱ ከመላካችሁ በፊት የዚያን ዓመት መመሪያ አንብቡ።

ጾሙንና በዓሉን ሳያዩ ዓመቱን መክፈል

ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። አብዛኞቻችን የካውንቲውን ካሌንደር አትመን ፍሪጅ ላይ እንለጥፍና በእሱ እንሄዳለን። ያ ካሌንደር ግን ለእኛ ቤት አልተሠራም። ልጆች ለዲሴምበር 25 አርፈው፣ ጃንዋሪ 7 ገና ሲሆን ወደ ክፍል ተመልሰዋል። ፋሲካውም እንዲሁ ነው። በ2018 ዓ.ም. በምዕራባውያኑና በእኛ ፋሲካ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሳምንት ነው፤ በ2019 ዓ.ም. ግን የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2፣ ማለትም ሚያዝያ 24 ይውላል። አምስት ሳምንት! የእነሱን ተከትሎ የሚያርፍ ልጅ ስቅለት ዕለት ሒሳብ ፈተና ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ቤት የምናስተምረው አንዱ ምክንያታችን ልጆቻችን ከቤተ ክርስቲያን ጋር እንዲኖሩ ከሆነ፣ ዕቅዱ ከዚያ ካልጀመረ ከየት ይጀምራል?

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ባዶ ካሌንደር አነጥፍና መጀመሪያ በቀይ እስክሪብቶ እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረውን ጾመ ነቢያት፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን፣ ሰሙነ ሕማማትንና ፍልሰታን አሰፍራለሁ። በ2019 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው። ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። 36 ሳምንት በሳምንት አምስት ቀን 180 የትምህርት ቀን ይሆናል፤ ከ52ቱ 16 ሳምንት ይተርፋል። አንዱን ለመስቀል፣ ሁለቱን ለገና፣ አንዱን ለጥምቀት፣ ሁለቱን ለሕማማትና ለትንሣኤ ሳምንት እሰጣለሁ። ሁለት ሳምንት ለማንም ሳልሰጥ እይዛለሁ። ስምንቱ ክረምት ላይ ናቸው፤ ፍልሰታም እዚያው ውስጥ ነው። በ2019 ዓ.ም. ከእንቁጣጣሽ ቀጥሎ ባለው ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 14፣ ጀምረን ጁላይ 17 አካባቢ እንዘጋለን።

ጾሙ ቀን ከመቁጠር ያለፈም ነገር አለው። አንድ ዓመት ለመሐለኛዋ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጄ፣ ክፍልፋይ ማካፈልን የጀመርኩላት በዐቢይ ጾም ሰባተኛ ሳምንት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነበር። ጾመኛ ናት፤ ቁጥሩ ፊቷ ላይ ይዋኛል፤ አለቀሰች። ልጅቷ አልሰነፈችም፤ ዕቅዱ ነው የተሳሳተው። አሁን አዲስና ከባድ ነገር ሁሉ ከጥቅምት እስከ የካቲት አጋማሽ ይገባል። በጾሙ ወራት ሒሳብ ማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ታሪክ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እጃቸው ሸክላ ወይም ጥልፍ ይሠራል። ምን ያህል እንደሚጾሙ ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ልጅ ከልጅ ይለያል።

ፊደልንና ቃለ እግዚአብሔርን ለትርፍ ሰዓት መተው

«ጊዜ ከተረፈ አማርኛ እናያለን» ያለ ቤት እስከ ግንቦት ድረስ ሀሁ ላይ ነው። ጊዜ አይተርፍማ! 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ 231 ናቸው፤ በቀን ሰባት፣ ማለትም አንድ ቤት ብቻ፣ ከክለሳ ጋር ብታስይዙት በአንድ ወሰነ ትምህርት ያልቃል። እኛ ቤት ከጠዋት ጸሎት ቀጥሎ፣ ከእንግሊዝኛው በፊት፣ ሃያ ደቂቃ ፊደል ነው። ባለቤቴ የሌሊት ሺፍት ሠርቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይገባል፤ ከመተኛቱ በፊት ጸሎቱን የሚመራውም፣ ንባቡን የሚሰማውም እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዕቅዱን ብቻዬን አውጥቼ ለእሱ የነገርኩት ካለቀ በኋላ ነበር፤ ያ ስህተት ለብቻው አንድ ርዕስ ይወጣዋል። አባት ትንሽም ቢሆን የራሱ የሆነ ነገር ይኑረው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ ጥቅስ ቅጣት አታድርጉ። ልጅ ሲዋሽ «ሃምሳኛውን መዝሙር አሥር ጊዜ ጻፍ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ያ ልጅ አድጎ ንስሐ ሲያስፈልገው ዳዊቱን ሲከፍት የሚሰማው የእጁ ድካም ነው። ዘዳግም 6፥7 ለልጆች ቤት ተቀምጦ፣ መንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ይነገር ይላል፤ በኩርፊያ ሰዓት ወረቀት ላይ ይገልበጥ አላለም።

ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ትምህርት ቤት መክፈት

ሦስት ልጅ፣ በስድስት ትምህርት፣ አሥራ ስምንት ክፍለ ጊዜ። የትኛዋ እናት ትችለዋለች? አባቶቻችን የተማሩበትን ንባብ ቤት አስቡት። በአንድ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፤ የበሰለው ታናሹን ያስጠናል፣ የኔታ ሁሉንም ይሰማሉ። እኛም ሒሳብንና ንባብን ብቻ ለየብቻ እናስተምራለን። ታሪክ፣ ሳይንስና መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ማዕድ ነው፤ ታናሿ ስዕል ትስላለች፣ መሐለኛዋ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፣ ታላቁ አንድ ገጽ። ፊደሉን ለታናሿ የሚያስቆጥራትም እሱ ነው፤ በዚያውም የራሱ ንባብ ተስተካከለ።

ክፍተት የሌለው ዕቅድ

የእኛ ሕይወት ልቅሶ አለው፣ ክርስትና አለው፣ ከአዲስ አበባ ድንገት የምትመጣ አያት አለች። ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ባዶ የምይዘው፤ በተጨማሪም ዓርብ አዲስ ትምህርት አንጀምርም፣ የቀረውን እንጨርሳለን። ልቅሶ ቤት ልጆቻችንን ይዘን መሄዳችንን ከትምህርት እንደ መቅረት አልቆጥረውም። ወንበር ሲያቀርቡ፣ ትልልቅ ሰዎችን ሲያስታጥቡ ይውላሉ።

ማስረጃን በሐምሌ መፈለግ

ቨርጂኒያ ውስጥ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ኦገስት 1 መግባት አለበት። አንዱ መንገድ አገር አቀፍ ደረጃ ያለው ፈተና ነው፤ ጠቅላላ ውጤቱ ስታናይን በሚባለው፣ ውጤትን ከአንድ እስከ ዘጠኝ በሚከፍለው መለኪያ፣ አራተኛው እርከን ወይም ከዚያ በላይ መሆን ይኖርበታል። ሌላው የማስተማር ፈቃድ ያለው መምህር ወይም ማስተርስና ከዚያ በላይ ዲግሪ ያለው ሰው የልጁን ሥራ አይቶ የሚጽፈው የግምገማ ደብዳቤ ነው። ለዚህ ሰው የምታሳዩት ነገር ከሌላችሁ ደብዳቤውን በምን ይጽፈዋል? እኔ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወፍራም ፋይል ገዝቻለሁ። ዓርብ ከሰዓት በየትምህርቱ አንዳንድ ወረቀት፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ይገባል፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የተሳሳተውንም አስገባለሁ፤ የጥቅምቱ ስህተት አጠገብ የግንቦቱ ትክክል ሲቀመጥ ገምጋሚው የሚፈልገውን ያገኛል። ባለፈው ዓመት የመሐለኛዋን ፋይል የገለጠችው መምህርት መጀመሪያ የቆመችው ያቺ ክፍልፋይ ላይ ነበር፤ እንባ ያስነሣው ወረቀት አሁንም እንደተጨማደደ አለ።