የአላስካ ክሩዝ፦ ገንዘብዎ ከመርከቡ ወርዶ ወደብ ከተማው ላይ እንዲቀር

ሲያትልና አካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ወደ አላስካ የሚመላለሱትን የክሩዝ መርከቦች ስናይ እንከርማለን፤ ከመካከላችንም ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መርከብ ማረፊያው ፒር 91 የሰው ሻንጣ ጭኖ ያመላለሰ ሹፌር ጥቂት አይደለም። አንዳንዴ ደግሞ ሻንጣው የራሳችን ይሆናል። ይህ መመሪያ መርከቡ ላይ እንዴት እንደሚዝናኑ አይነግርዎትም፤ ስለዚያ የመርከብ ኩባንያው በቂ ወረቀት ይልክልዎታል። የሚነግርዎት መርከቡ በሚቆምባቸው ትንንሽ ከተሞች የሚያሳልፉት ሰዓትና የሚያወጡት ገንዘብ ለነዋሪው እንዴት ሊተርፍ እንደሚችል ነው።

አስቀድሞ የነገሩን መጠን መረዳት ይገባል። የአላስካ ርእሰ ከተማ ጁኖ ወደ 32,000 የሚጠጋ ነዋሪ ያላት፣ ከሌላ አካባቢ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የሌላት ከተማ ስትሆን፣ በ2023 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአንድ የጉብኝት ወቅት ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የክሩዝ መንገደኛ አስተናግዳለች። ስካግዌይ ደግሞ ቋሚ ነዋሪዋ ከ1,000 ብዙም የማይበልጥ ሆኖ፣ በአንዳንድ ቀን ከ10,000 በላይ እንግዳ ይወርድባታል። ጁኖ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት በላይ ትልልቅ መርከብ እንዳይገባ ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የመርከቦቹ አልጋ ድምር በቀን ከ16,000፣ ቅዳሜ ከ12,000 እንዳይበልጥ የሚል ስምምነት አለ። ሆኖም በጥቅምት 2024 «ቅዳሜ መርከብ አይግባ» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ወድቋል። ጫጫታው የሰለቸውና ኑሮው በመርከብ ላይ የተመሠረተው ሰው ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዳንዴም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የወደቦቹን ብዛት ሳይሆን መርከቡ በእያንዳንዱ ወደብ የሚቆይበትን ሰዓት ይመልከቱ። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ስለሚከለክል፣ ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ሲያትል የሚመለስ መርከብ የግድ አንድ የካናዳ ወደብ መንካት አለበት። የካናዳዋ ቪክቶሪያ ብዙ ጊዜ በምሽት፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የምትነካው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንገደኛው በሚወርድበት ሰዓት አብዛኛው ሱቅ ተዘግቶ ያገኘዋል። (በነገራችን ላይ፣ ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ለዚህችው አጭር ማረፊያ ሲል ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርቱንም ከግሪን ካርዱ ጋር መያዝ አለበት።) መርከቡ የሚቆምበትን ቦታም ይጠይቁ። በአላስካዋ ኬችካን ከተማ አንዳንድ መርከቦች ከ2021 ወዲህ የሚያርፉት ከመሐል ከተማው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ዋርድ ኮቭ ስለሆነ፣ ከቀንዎ የተወሰነው በአውቶቡስ ላይ ያልቃል፤ የሚቀነሰውም በመሐል ከተማው የሚያሳልፉት ሰዓት ነው። በሁና መንደር አጠገብ ያለው አይሲ ስትሬት ፖይንት ግን በቀድሞ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ላይ የተሠራና ትሊንጊት የሚባሉት የአካባቢው ነባር ተወላጆች ባለአክሲዮን የሆኑበት ኩባንያ ንብረት በመሆኑ፣ የጉዞ መስመር ሲያማርጡ ሚዛን ውስጥ ሊያስገቡት ይገባል።

ጉብኝትን በተመለከተ፣ መርከቡ ላይ የሚሸጠው ጉብኝት ብዙ ጊዜ የአካባቢው አስጎብኚ የሚያካሂደው ሆኖ፣ ከሚከፍሉት ላይ ኩባንያው ጠቀም ያለ ድርሻ ይወስዳል። ከአስጎብኚው በቀጥታ ቢገዙ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ይደርሳል። በምላሹ አንድ ኃላፊነት እርስዎ ላይ ይወድቃል፦ በመርከቡ በኩል በተገዛ ጉብኝት ቢዘገዩ መርከቡ ይጠብቅዎታል፤ በራስዎ የሄዱ እንደሆነ ግን ጥሎዎት ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይመለሱ፤ የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ስልክዎንና የመርከቡን ሰዓት ያስተያዩ። ከመክፈልዎ በፊትም ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ መርከቡ በአየር ጠባይ ምክንያት ሳይቆም ቢያልፍ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ከወደቡስ የሚወስደኝ መኪና አለ ወይ? በጁኖ የዓሣ ነባሪ ማሳያ ጀልባዎች የሚነሡት ከመሐል ከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ኦክ ቤይ ስለሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግዢ ላይ ነው። በጁኖ ከመርከቡ ወርደው ፍራንክሊን ጎዳና ሲደርሱ የሚያዩት የጌጣጌጥ መደብር ብዛት ያስገርማል። መርከቡ ላይ «የሚመከሩ ሱቆች» ተብሎ የሚታደለው ካርታ ማስታወቂያ መሆኑንና ሱቆቹም ለዚያ እንደሚከፍሉ ይወቁ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ባለቤታቸው ሌላ ቦታ የሚኖር፣ መርከብ በሚመጣበት ወቅት ብቻ የሚከፈቱ ናቸው። የተወላጆችን የእጅ ሥራ መግዛት ከፈለጉ ዕቃውን አንሥተው ይገልብጡት። «ሲልቨር ሃንድ» የሚባል፣ የእጅ መዳፍ ምስል ያለበት ምልክት ቢያገኙ፣ ሥራው በመንግሥት የተመዘገበ የአላስካ ተወላጅ ባለሙያ አላስካ ውስጥ የሠራው ነው ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ ሻጩን የሠሪውን ስምና መንደር ይጠይቁ፤ እውነተኛ ነጋዴ ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ወደ ቅናሹ ወሬ ይሸሻል። ጥያቄው ከንቱ ጥርጣሬ አይደለም፤ በ2023 በኬችካን ፊሊፒንስ ውስጥ የተሠራ ቅርጻ ቅርጽ የተወላጆች ሥራ ነው ብለው የሸጡ ነጋዴዎች በፌዴራል ፍርድ ቤት ተቀጥተዋል።

«በትኬቴ ላይ ለወደቡ ግብር ከፍያለሁ፣ ይበቃል» የሚል ሰው አይታጣም። እውነት ነው፤ የአላስካ ግዛት ከአንድ መንገደኛ 34.50 ዶላር፣ ጁኖም ለብቻዋ 8 ዶላር ትቀበላለች። ነገር ግን የመርከብ ኩባንያዎቹ ጁኖን ከስሰው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2018 ይህ የነፍስ ወከፍ ገንዘብ ለመርከቦቹ ከሚሰጥ አገልግሎት ጋር የተያያዘ መሆን አለበት ሲል ፈርዷል። በሌላ አነጋገር በዚህ ገንዘብ የመርከብ ማሰሪያና የወደብ ዳር መንገድ ሊሠራበት ይችላል እንጂ የትምህርት ቤት ጣሪያ አይጠገንበትም። ለከተማዋ አጠቃላይ ወጪ የሚውለው በሱቅና በምግብ ቤት የሚከፈለው 5 በመቶ የሽያጭ ግብር ነው።

እዚህ ላይ የምሳ ጉዳይ ይነሣል። የከፈልንበት ቡፌ መርከቡ ላይ እያለ ውጭ መብላት ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ቀትር ሲሆን ወደ መርከቡ ሽቅብ የሚመለሰው ሰልፍ እንደሚያሳየው ለሌላውም ይከብዳል። ቢሆንም በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ መተግበር የሚሻ ሰው ምሳውን ይምረጥ። ከመርከቦቹ ጥቂት መንገዶች ገባ ብሎ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚበላበትን ቤት ፈልገው ይግቡ፤ መርከብ በማይመጣበት በብርዱ ወራትም ክፍት ትሆናላችሁ ወይ ብለው ቢጠይቁ የቤቱን ማንነት ወዲያው ይረዳሉ። ጉዞዎ በነሐሴ ከሆነ ፍልሰታ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤተሰቡ ትቼ፣ የማይበሉ ከሆነ ቅቤና ወተት ያልገባበት ምግብ ይኖር እንደሆነ ከመቀመጥዎ በፊት ይጠይቁ፣ ምክንያቱም በዚያ አገር የድንች ሾርባ እንኳ ያለ ክሬም እምብዛም አይቀርብም።