ሊኑክስ ላይ አልጫን ያለ ሶፍትዌር፣ ኮምፓይል ሲደረግ መሃል ላይ የሚቆም ኮድ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሰዎች «እርዳኝ» ብለው ስክሪንሹት ሲልኩልኝ ሁሌ የሚልኩት የተርሚናሉን የመጨረሻ ሶስት መስመር ነው፣ «ሜክ፦ *** [ኦል] ኤረር 2» የሚለውን። እሱ መስመር ምንም አይነግረንም። ሜክ (ኮዱን በቅደም ተከተል የሚያስገነባው ትዕዛዝ) «ከኔ በፊት የሆነ ነገር ተበላሽቷል፣ እኔ አቁሜያለሁ» ነው የሚለው። ዋናው ኤረር ወደላይ ሃምሳ ወይ ሁለት መቶ መስመር ርቆ ተቀምጧል፣ መፈለግ ያለብን ደግሞ መጀመሪያ የወጣውን ነው ምክንያቱም አንድ ፋይል ሲጠፋ ከሱ በኋላ የሚደረደሩት ሰላሳ ኤረሮች ሁሉ ከሱ የመጡ ናቸው፣ እሱን ካስተካከላችሁ ሰላሳውም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ኮምፓይል ስታደርጉ (ኮዱን ወደሚሰራ ፕሮግራም ስትቀይሩ) «ሜክ 2>&1 | ቲ ሎግ.ቲኤክስቲ» ብላችሁ ወደ ፋይል አስቀምጡት፣ ከዛ «ግሬፕ -ኤን "ኤረር፡" ሎግ.ቲኤክስቲ | ሄድ» በሉና የመጀመሪያውን አንብቡ። በብዙ ኮር እየሰራ ከነበረ መስመሮቹ ስለሚደባለቁ አንዴ «ሜክ -ጄ1» ብላችሁ ድገሙት፣ ከቆመበት ይቀጥልና እዛው ችግር ላይ ንጹህ ሆኖ ይቆማል።

ትዕዛዞቹን በኛው ፊደል ነው የጻፍኳቸው፣ ስትተይቡ በላቲን ነው፣ ካላልኩ በቀር ሁሉም በስሞል ሌተር። ኡቡንቱና ዴቢያን ይዤ ነው የማወራው። ፓኬጅ ስል ደግሞ የሶፍትዌሩን ነው እንጂ የኢንተርኔቱን አይደለም።

ከሁሉም በፊት ግን የምትፈልጉት ነገር አፕት (የኡቡንቱና የዴቢያን ፓኬጅ መጫኛ) ውስጥ መኖሩን «አፕት ፖሊሲ» ብላችሁ ስሙን ጨምራችሁ እዩ። ካለና ቨርዥኑ ከበቃችሁ ኮምፓይል አታድርጉ፣ ሴኪዩሪቲ አፕዴቱም ራሱ ይመጣላችኋል።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ-ፍሮንትኤንድ»

ይሄ ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ሲነሳ አውቶማቲክ አፕዴቱ ከጀርባ ስራ ጀምሯል፣ ሁለት ሰው አንድ ላይ ፓኬጅ እንዳይጭን ነው ሎኩ ያለው። መፍትሄው መጠበቅ ነው። የሎክ ፋይሉን አጥፉት የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ፣ እባካችሁ አትስሙት፣ አንዱ እየጻፈ ሌላው ሲገባ ዳታቤዙ ይበላሻል፣ ያኔ ነው እውነተኛ ችግር የሚመጣው። ኤረሩ ራሱ ሎኩን የያዘውን ፕሮሰስ ቁጥር ስለሚነግራችሁ «ፒኤስ -ፒ» ብላችሁ ከነቁጥሩ ማን እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ።

ሌላው መብራት ነው። እየጫናችሁ እያለ መብራት ከሄደና ማሽኑ ከጠፋ ሲመለስ «ዲፒኬጂ ዋዝ ኢንተራፕትድ» ይላል፣ ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ፎርማት አድርገው እንደገና ኡቡንቱ ሲጭኑ አይቻለሁ እና በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም መፍትሄው ሁለት መስመር ነው። «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ሲጨርስ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»። በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች ጨርሶ ያስገባቸዋል፣ የጎደለም ካለ ያሟላል።

«አንኤብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ»፣ «404»፣ «ሃሽ ሰም ሚስማች»

የመጀመሪያው ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ ዝርዝሩ ገና አልወረደም («ሱዶ አፕት አፕዴት»)፣ ወይ ፓኬጁ ዩኒቨርስ የሚባለው ሪፖ (የፓኬጅ ማከማቻ) ውስጥ ሆኖ ሪፖው አልተከፈተም («ሱዶ አድ-አፕት-ሪፖዚተሪ ዩኒቨርስ»)። 404 ሲሆን እናንተ ጋ ያለው ዝርዝር አርጅቶ ሰርቨሩ ላይ ፋይሉ በአዲስ ተተክቷል ማለት ነው፣ እሱም በአፕዴት ይድናል። ከአፕዴት በኋላም ሁሉም 404 ከሆነ ቨርዥናችሁ የድጋፍ ጊዜው አልቋል፣ ኡቡንቱ ላይ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው ቨርዥን) ካልሆነ ድጋፉ 9 ወር ብቻ ነው፣ ኤልቲኤስ ከሆነ 5 አመት። ሃሽ ሚስማች ደግሞ ኔት እየተቆራረጠ ወይ መሃል ላይ ያለ ፕሮክሲ አሮጌ ፋይል እየሰጣችሁ ሲሆን ይመጣል፣ «/ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ» ውስጥ ያለውን አጥፍታችሁ አፕዴቱን ድገሙት።

ሰዓትና ቀን

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ እኛን የሚነካ ነገር ስላለ። አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፣ አፕት «ሪሊዝ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት» ይለዋል፣ ጊት ክሎን ሲያደርግ (ኮዱን ከኢንተርኔት ሲያወርድ) ሰርተፊኬቱ አልተረጋገጠም ይለዋል፣ ዚፑን በፍላሽ አምጥቶ «ኮንፊገር» (ከሜክ በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ስክሪፕት) ሲል ደግሞ «ኒውሊ ክሪኤትድ ፋይል ኢዝ ኦልደር ዛን ዲስትሪቢውትድ ፋይልስ» ብሎ ይቆማል። ሶስት የተለያየ ችግር ነው የሚመስለው፣ ሳምንት ሙሉ ሶስቱን ለየብቻ ሲፈልግ ነበር። «ዴት» ብዬ ስጽፍ አመተ ምህረቱ በኛ አቆጣጠር ነው የገባው። ለኛ ዛሬ ነው፣ ለማሽኑ ግን ከሰባት አመት በላይ ወደኋላ ሄዷል፣ ስለዚህ ከኢንተርኔት የመጣ ነገር ሁሉ ለሱ ገና ያልደረሰ የወደፊት ነገር ነው። ሰርተፊኬቱ ገና አልተሰጠም፣ የአፕት ዝርዝሩ ገና አልወጣም፣ የሶርስ ፋይሎቹም አሁን ከሚፈጠረው ፋይል የበለጠ አዲስ ናቸው።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር የሚያስገባ አለ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 9 ብሎ ይሞላዋል፣ ማሽኑ ጠዋት ነው ብሎ ያስባል፣ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ያኔ አፕት «ኢንቫሊድ ፎር አናዘር 5ኤች» ምናምን ብሎ የቀረውን ሰዓት ይቆጥርላችኋል፣ ይሄንን ካያችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ኮምፓይል ላይ ከሆናችሁ ሜክ «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» ይላል፣ ዋርኒንግ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ሜክ የትኛው ፋይል እንደገና መገንባት እንዳለበት የሚወስነው በሰዓት ስለሆነ ግማሹን ሳይገነባ ሊተወው ይችላል።

መፍትሄው «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ» (አፍሪካና አዲስ አበባ ሶስቱም በካፒታል ይጀምራሉ)፣ ከዛ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ»፣ ኔት ካለ ራሱ ያስተካክለዋል። ማሽኑን ከሶኬት በነቀላችሁ ቁጥር ቀኑ ወደድሮ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች፣ ዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የምትባለዋ ናት፣ መቀየር ብቻ ነው። ሰዓቱን ካስተካከላችሁ በኋላ በተሳሳተው ሰዓት የተጀመረውን ቢልድ «ሜክ ክሊን» አድርጉና ከመጀመሪያ ጀምሩ።

«ኖ አክሴፕተብል ሲ ኮምፓይለር ፋውንድ»

ኮምፓይለሩ አልተጫነም፣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሺያል»፣ ጂሲሲውንም ሜኩንም አንድ ላይ ያመጣል። «./ኮንፊገር» ራሱ የለም ካላችሁ ደግሞ ፎልደሩን ኤልኤስ አድርጉና እዩ፣ «ሲሜክሊስትስ.ቲኤክስቲ» ካለ በሲሜክ ነው የሚገነባው፣ «ሜሶን.ቢልድ» ካለ በሜሶን ነው፣ «ኮንፊገር.ኤሲ» ብቻ ካለ «አውቶጄን.ኤስኤች» ካገኛችሁ እሱን፣ ካጣችሁ «አውቶሪኮንፍ -ኤፍአይ» አሂዱ። ሪድሚ የሚለውን ፋይል ማንበብ አምስት ደቂቃ ነው፣ አንብቡት።

«ፌታል ኤረር፡ ዜድሊብ.ኤች፡ ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ»

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ለምሳሌ ጊትን ከሶርስ ስትገነቡ ዜድሊብን ይፈልጋል፣ እናንተ ደግሞ «ዜድሊብ እኮ ተጭኗል» ትላላችሁ፣ እውነት ነው ተጭኗል። ግን ዴቢያንና ኡቡንቱ አንዱን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍሉታል፣ ፕሮግራም ሲሰራ የሚያስፈልገው አንድ ፓኬጅ ነው፣ ኮምፓይል ሲደረግ የሚያስፈልገው ሄደር ፋይል (ላይብረሪው ውስጥ ያለውን ለኮምፓይለሩ የሚያሳውቀው «.ኤች» ፋይል) ደግሞ መጨረሻው ላይ «-ዴቭ» ያለበት ሌላ ፓኬጅ ነው። ፌዶራ ላይ «-ዴቨል» ይባላል። ስለዚህ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ዜድሊብ1ጂ-ዴቭ»። ስሙን ከየት አመጣችሁት ብትሉኝ «አፕት-ፋይል» የሚባል መሳሪያ አለ፣ ጫኑትና «ሱዶ አፕት-ፋይል አፕዴት» ካላችሁ በኋላ (ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ስታገኙ አድርጉት) «አፕት-ፋይል ሰርች» ብላችሁ የጠፋውን ሄደር ስም ስጡት፣ የትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ይነግራችኋል። ከጫናችሁ በኋላ ኮንፊገሩን ድገሙት፣ ሜክ ብቻ አይበቃም፣ ኮንፊገር ቅድም «የለም» ብሎ የጻፈው መልስ እንዳለ ነው።

ፓይተን ላይ ይሄው ነገር ተደብቆ ነው የሚመጣው። ቢልዱ በሰላም ያልቃል፣ ግን መጨረሻው አካባቢ የሆኑ ኦፕሽናል ሞጁሎች አልተገነቡም ብሎ ዝርዝር ያወጣል፣ ማንም አያነበውም፣ በኋላ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ አውራጁን) ስትጠቀሙ ኤስኤስኤል ሞጁል የለም ይልና ምንም አያወርድም። «ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ»፣ «ሊብኤፍኤፍአይ-ዴቭ»፣ «ሊብቢዜድ2-ዴቭ»፣ «ሊብኤስኪውላይት3-ዴቭ» ጭናችሁ ኮንፊገርና ሜኩን ድገሙ። ስትጨርሱ ደግሞ «ሱዶ ሜክ አልትኢንስቶል» ነው የምትሉት፣ ተራው ኢንስቶል ፓይተን3 የሚለውን ስም ለአዲሱ ይሰጠዋል። ሲስተሙ የሚጠቀምበትን «/ዩኤስአር/ቢን/ፓይተን3» በምንም አይነት አትንኩት፣ አንድ ልጅ ሊንኩን ወደ አዲሱ አዙሮት ተርሚናሉ ራሱ አልከፈት ብሎት ነበር፣ ኡቡንቱ ላይ ጂኖም ተርሚናሉን የሚያስነሳው ስክሪፕት የተጻፈው በፓይተን ነው። በኮንትሮል ኦልት ኤፍ3 ወደ ጽሁፍ ስክሪን ገብተን ሊንኩን መልሰን ነው የዳነው።

«ኪልድ ሲግናል ተርሚኔትድ ፕሮግራም ሲሲ1ፕላስ»

ኮዱ ምንም አልሆነም፣ ራም ነው ያለቀው። ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው ክፍል) ማሽኑ እንዳይደርቅ ኮምፓይለሩን ገደለው፣ «ሱዶ ዲሜስግ» ብላችሁ መጨረሻውን ብታዩ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል ታገኛላችሁ። ከባድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል አንዱ ብቻ ከ1 ጊጋ በላይ ራም ሊበላ ይችላል፣ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ «ሜክ -ጄ8» ካላችሁ እንግዲህ አስቡት። ቁጥር ሳትሰጡት «-ጄ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ የቻለውን ያህል ባንዴ ይጀምራል፣ ይሄ የባሰ ነው። ብራውዘሩን ዝጉ፣ «-ጄ1» ወይ «-ጄ2» አድርጉ። ካልበቃ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ የሚተካው የዲስክ ቦታ) ጨምሩ፦ «ሱዶ ፋልሎኬት -ኤል 4ጂ /ስዋፕ2» (ጂው በካፒታል)፣ «ሱዶ ቺሞድ 600 /ስዋፕ2»፣ «ሱዶ ኤምኬስዋፕ /ስዋፕ2»፣ «ሱዶ ስዋፕኦን /ስዋፕ2»። ስሙን ስዋፕ2 ያልኩት ስዋፕፋይል የሚባል ከድሮውም ሊኖር ስለሚችል እሱን እንዳትነኩት ነው። ይዘገያል፣ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ያልቃል። በትንሽ ማሽን ትልቅ ነገር መገንባት ይቻላል፣ ማንም አይቻልም አይበላችሁ።

ፋይሉ እያለ «ፐርሚሽን ዲናይድ»

ሶርሱን ፍላሽ ላይ ወይ ከዊንዶውስ ጋር በምትጋሩት ፓርቲሽን ላይ ነው የፈታችሁት። ፋት32 የሊኑክስን ፈቃድ አያስቀምጥም፣ ሲምሊንክም (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አያውቅም። ታሩን (የታሸገውን የሶርስ ፋይል) ወደ ሆም ፎልደራችሁ ገልብጡና እዛ ፍቱት። የፎልደሩ ስም ውስጥ ስፔስ አይኑር፣ «ማይ ፕሮጀክት» ብሎ ስፔስ ያለው ፎልደር ብዙ ሜክፋይሎችን ይሰብራቸዋል።

ተጭኖ ሲያበቃ «ኤረር ዋይል ሎዲንግ ሼርድ ላይብረሪስ»

ላይብረሪው «/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ውስጥ ገብቷል፣ ሎደሩ (ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚያመጣው) ግን ዝርዝሩን አላደሰም። «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የትኛው እንደጠፋ ለማወቅ «ኤልዲዲ» ብላችሁ ፕሮግራሙን ስጡት፣ «ኖት ፋውንድ» የሚለው መስመር ነው። የተለመደ ቦታ ካልሆነ ግን «/ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ» ውስጥ ፎልደሩን የያዘ መጨረሻው «.ኮንፍ» የሆነ ፋይል ጨምራችሁ ኤልዲኮንፊጉን ድገሙት።

«ጂሊብሲ_2.34 ኖት ፋውንድ» ካለ ይሄ ሌላ ነው፣ ጂሊብሲ የሲስተሙ ዋናው የሲ ላይብረሪ ነው፣ ተሰርቶ የወረደው ፕሮግራም ከናንተ ሲስተም ይበልጥ አዲስ ሲስተም ላይ ነው የተገነባው። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ያለው ጂሊብሲ 2.31 ነው፣ 22.04 ላይ 2.35። ጂሊብሲውን ለብቻው በእጅ አውርዳችሁ ለመተካት እንዳትሞክሩ፣ ማሽኑ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ላይ ነው የቆመው፣ ኤልኤስ እንኳን አይሰራላችሁም። ወይ ፕሮግራሙን ራሳችሁ ከሶርስ ገንቡት፣ ወይ ሲስተሙን አሳድጉ።

የዋይፋይ ድራይቨር

ድራይቨሩን ለመገንባት ኔት ያስፈልጋል፣ ኔቱን ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩት፣ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳትጭኑ ነው የሚሰራው። ሜክ «/ሊብ/ሞጁልስ» ውስጥ ቢልድ የሚባል የለም ካለ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ሄደርስ-$(ዩኔም -አር)»። ተገንብቶ ሞድፕሮብ ስታደርጉት (ከርነሉ ውስጥ ስታስገቡት) «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ካለ ሴኪዩር ቡት በርቶ ነው፣ ያልተፈረመ ሞጁል አያስገባም። ባዮስ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ጎን ለጎን ዊንዶውስ ካላችሁና ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከበራ መጀመሪያ ሪከቨሪ ኪውን ያዙ፣ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከርነል አፕዴት በመጣ ቁጥር ዋይፋዩ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ በዲኬኤምኤስ አስገቡት፣ ለአዲሱ ከርነል ራሱ ይገነባዋል።

ኮምፓይል አድርጋችሁ የጫናችሁትን ሶርስ ፎልደር ቶሎ አታጥፉት፣ አፕት ስለማያውቀው በኋላ ማንሳት ስትፈልጉ እዛው ገብታችሁ «ሱዶ ሜክ አንኢንስቶል» ነው የምትሉት፣ እሱም ፕሮጀክቱ ካዘጋጀው ነው። እኔ ራሴ ሲቻል ኮንፊገር ላይ «--ፕሪፊክስ=$ሆም/ኦፕት/» ብዬ የፕሮግራሙን ስም እጨምራለሁ (ሆም በካፒታል ነው)፣ ያኔ ሱዶም አያስፈልግም፣ ማንሳት ስፈልግ ያንን አንድ ፎልደር እሰርዘዋለሁ።