የእንስሳት ማቆያ ጌም ስትገመግሙ እነዚህን ተዉልኝ

የእንስሳት ማቆያ የምናስተዳድርባቸው ጌሞች የዋህ ስለሚመስሉ ጀማሪ ገምጋሚዎች ይመርጧቸዋል። ረቂቆቻቸውን ሳርም የማገኛቸው ስህተቶች ግን ሁሌም እነዚያው ናቸው።

ቀላሉን ላስቀድም፦ የትኛውን ጌም እንደተጫወታችሁ ጻፉ። «ዙ ታይኩን» የሚባል ጌም እ.ኤ.አ. በ2001 ለኮምፒውተር ወጥቷል፤ ሠሪው ብሉ ፋንግ ነው። በ2013 ደግሞ ፍሮንቲየር የሚባል ሌላ ሠሪ በዚያው ስም ለማይክሮሶፍቱ መጫወቻ ለኤክስቦክስ ሌላ ጌም ሠራ። የአንዱን ወቀሳ ለሌላው የሚሰጥ ረቂቅ አሁንም ይደርሰኛል። ዓመቱን መጻፍ ምን ይከብዳል?

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልሂድ፦ «ለልጆች ስለሆነ...»።

ይቺን አባባል አንዱ ይቅር ለማለት ይጠቀምባታል። ካሜራው ያስቸግራል፣ ሥራው ቶሎ ይሰለቻል ብሎ ሲያበቃ «ግን ለልጆች ስለሆነ ችግር የለውም» ይላል። ሌላው ለማጣጣል ያመጣታል፦ «ምናልባት ልጆች ይወዱት ይሆናል» ብሎ ጽሑፉን ይዘጋል። ሁለቱም ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው አላዩም። የሰባት ዓመት ልጅ እኮ ምሕረት የለውም! ሲሰለቸው ምክንያት አይደረድርም፤ መቆጣጠሪያውን ጥሎ ይሄዳል። ለልጅ የተሠራ ነገር ጉድለቱ ይታለፍ ማለት ልጁን መናቅ ነው።

የ2013ቱን «ዙ ታይኩን» እንውሰድ። ብዙ ገምጋሚዎች የእንስሳቱን ውበት አወደሱ። ቀጭኔን በእጅ መመገብ፣ ኪኔክት በሚባለው የኤክስቦክስ ካሜራ ፊት ለፊት ፊትህን እያጣመምክ ቺምፓንዚው ሲኮርጅህ ማየት ደስ ይል ነበር። ወቀሳውም ተመሳሳይ ነበር፦ አስተዳደሩ ሳሳ፣ መሥራት የሚቻለውም የአጥር ግቢ ቁጥር ተገደበ። ሁለቱም ልክ ነው። ስህተቱ ሁለቱን ደምሮ አማካይ ማውጣት ላይ ነው። ቀጭኔ ማብላት ብቻ ለሚፈልግ ትንሽ ልጅ የአስተዳደሩ መሳሳት ምኑም አይደለም። መሬቱን ሁሉ በግቢ ልሙላው ለሚል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ገደቡ ጌሙን ይገድለዋል። ስለዚህ «ልጆች» አትበሉ፤ የትኛው ልጅ? ማንበብ የማይችል ምን ያህል ርቀት ይሄዳል? ወላጅ አብሮ መግባት ይችላል? የ2013ቱ በኢንተርኔት እስከ አራት ሰው ያጫውታል፤ የዚሁ የፍሮንቲየር «ፕላኔት ዙ» ግን አንድ ማቆያ ውስጥ አብሮ አያጫውትም። ወላጅ ከቅጽሎቻችሁ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ከዚሁ የማይርቅ አለ፦ የዕድሜ ምልክትን የቅለት ምልክት አድርጎ ማንበብ። የአውሮፓው የጌም ዕድሜ ምልክት ፔጂ የሚያየው ይዘትን ነው፤ ልጁ ጌሙን ይችለዋል ወይ አይልም። «ፕላኔት ዙ» ላይ መንገድ ሲዘረጉ የሚነጫነጩ ትልልቅ ሰዎች ሞልተዋል።

በመልክ መፍረድም አለ። በ2021 የወጣው «ሌትስ ቢልድ ኤ ዙ» ሥዕሉ የሕፃናት ይመስላል። ውስጡ ግን የሁለት እንስሳትን ዘረመል አዳቅሎ አዲስ ፍጡር መሥራት፣ ከጥቁር ገበያ እንስሳ መግዛት አለበት። የምትወስኑት ሁሉ በበጎ ወይም በክፉ ይመዘገባል። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ከልጅ ጋር ለማውራት ጥሩ ሰበብ ነው። «ደስ የሚል የቤተሰብ ጌም» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው ገምጋሚ ግን ምን ያህል እንደተጫወተ እጠራጠራለሁ።

ምን ያህል መጫወት አለብን? የማቆያው በጀት እስኪጨንቃችሁ ድረስ። የአስተዳደር ጌም የመጀመሪያ ሰዓቶቹ ሁሌም ያማሩ ናቸው፤ ጣጣው የሚመጣው ሠራተኛው ሲበዛና እንስሳቱ ሲዋለዱ ነው። «ፕላኔት ዙ» በኖቬምበር 2019 ሲወጣ የእንስሳቱ አሠራር ብዙ ተመሰገነ። ተጫዋቾች በኢንተርኔት እንስሳ እርስ በርስ የሚገበያዩበት ክፍል ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። ጥሩ ጥሩ እንስሳ የሚገዛው በገንዘብ ሳይሆን በጥበቃ ሥራ በሚገኝ ነጥብ ነው። ጀማሪ ደግሞ ብዙ ነጥብ የለውም። ስለዚህ ሁሉም ቶሎ የሚራባ እንስሳ ማርባት ያዘ፤ ገበያው በከርከሮ ተጥለቀለቀ። ሳቅም ንዴትም ነበር። ይህን አንድ ምሽት ተጫውቶ የጻፈ ሰው ከየት ያገኘዋል?

ቁጥር ላይም እንጠንቀቅ። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ «90 በመቶ አዎንታዊ» ማለት ከአሥር ዘጠኝ ማለት አይደለም። ከመቶው ገምጋሚ ዘጠናው አውራ ጣት ወደ ላይ አድርጓል ማለት ነው፤ «ደህና ነው» ያለውም «አበድኩለት» ያለውም እኩል ይቆጠራል። ግምገማ የሚሰበስበው ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ ደግሞ ለአንዳንዱ ሚዲያ የበለጠ ክብደት እየሰጠ የባለሙያዎችን ነጥብ አማካይ ያወጣል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ተጫዋቾች ከተቺዎች በላይ ወደዱት» ማለት አያስኬድም።

ትዝታ ሌላው ወጥመድ ነው። «ዙ ታይኩን 2» በ2004 ወጥቶ እስከ 2007 ድረስ ማስፋፊያ፣ ማለትም ተጨማሪ ይዘት፣ ሲጨመርለት ቆይቷል። ያንን ሁሉ ደርባችሁ፣ ትናንት ከወጣ ጌም ጋር አነጻጽራችሁ «የድሮው ይሻላል» ስትሉ ሚዛኑ ድሮም የተዛባ ነው።

እንስሳ መቁጠርም ይብቃን። የ2013ቱ «ከመቶ በላይ» ሲል ብዙዎቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቀጭኔው ብቻ በዓይነት በዓይነቱ አለ። እኔ ከመቁጠር ይልቅ አንዱን መርጬ ለረጅም ጊዜ አየዋለሁ፦ ሲርበው ምን ያደርጋል፣ ጓደኛ ሲያጣስ? ከዚያ አጥሩን ከፍቼ አንበሳውን እለቃለሁ። ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክሩት ይህንን ስለሆነ፣ ጌሙ ምን ብሎ እንደሚመልስ ግምገማው ላይ መግባት አለበት።